ቲረልን ማን ጣለው? ስለ አንድ የእሽቅድምድም ቡድን የተደረገ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን (የውይይቱን መስመር) የከፈተው አባል ጥያቄ አልጠየቀም፤ ፍርድ ይዞ ነው የመጣው። የኬን ቲረል የፎርሙላ 1 ቡድን አርጅቶ ወይም ገንዘብ አጥሮት አልወደቀም፣ በ1984 ተገፍቶ ነው የወደቀው ይላል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ምክንያቱንም በቅደም ተከተል አስቀምጧል። በዚያ ዓመት ከቲረል በስተቀር ሁሉም ቡድን ተርቦ (አየር በግፊት የሚሞላለት) ሞተር ይዞ ነበር። ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው ነዳጅ 220 ሊትር ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 195 እንዲወርድ ተወስኗል። ቅነሳው ነዳጅ በገፍ የሚጨርሱትን ተርቦዎች ያስጨንቃል፣ ተርቦ የሌለውን የኮስዎርዝ ሞተር ለያዘው ቲረል ግን ሲሳይ ነው። ውሳኔውን ለመሻር የሁሉም ቡድን ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ኬን ቲረል እምቢ አለ። ከዚያ ዲትሮይት ላይ የእሱ ሹፌር ማርቲን ብራንድል ሁለተኛ ወጣ፤ መኪናው ሲፈተሽ በውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ፍሬዎች ተገኙ፤ ቡድኑ ከዓመቱ ሻምፒዮና ተሰረዘ። እምቢ ባዩ ከጠረጴዛው ሲነሳ በ1985 ነዳጁ በ220 ሊትር ጸና። ጸሐፊው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም ብሎ ዘጋው።

ክሩ ረጅም ነው፤ መሃል ላይም ተበታትኗል። የተባለውን በየተራ ቁጥሩ በራሴ አባባል አስፍሬዋለሁ። እኔም የምለው ስላለኝ በየቦታው ጣልቃ ገብቻለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ አክብሮ አመስግኖ ነው የጀመረው፣ በነገሩም ይስማማል። እሱን የሚያንገበግበው ግን ከዲትሮይት ይልቅ የዚያው ዓመት ሞናኮ ነው። በከባድ ዝናብ ስቴፋን ቤሎፍ ከመጨረሻው የመነሻ ቦታ ተነስቶ ሦስተኛ ሆነ። ውድድሩ በ31ኛው ዙር ሲቋረጥ አሌን ፕሮስት ይመራ ነበር፣ አይርተን ሴና በቶልማን መኪና ይከተለው ነበር። ሴና ፕሮስትን ሊይዘው ምን ያህል እንደቀረው ዓለም እስከ ዛሬ ያወራል፤ ከኋላቸው ተርቦ በሌለው መኪና ለሁለቱም ይቀርብ የነበረውን ጀርመናዊ የሚያነሳው ጥቂት ነው። ያ ሦስተኛነት ከዓመቱ ውጤት ጋር ተፋቀ። ቤሎፍ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1985 ስፓ ላይ በስፖርት መኪናዎች ውድድር ሕይወቱ አለፈ። መላሹ ቅጣቱ የአንድን ሰው ትልቁን ቀን ከመዝገብ ላይ ነጠቀው ይላል። እውነት ነው፤ ይህ ነጥብ በክሩ ውስጥ ከዚህ በላይ መነሳት ነበረበት።

ምላሽ 2

ስፖርቱን መከታተል ከጀመረ ብዙ ያልቆየ አባል ቲረል የሚባል ቡድን ሰምቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ የፋብሪካ ስም ነው የሰው ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 3

ከክሩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። መላሹ ዕድሜው ገፋ ያለ ይመስላል፤ ጠያቂውን ሳያሳፍር ከሥሩ ጀመረለት።

ኬን ቲረል የጣውላ ነጋዴ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ በበረራ ኢንጂነርነት አገልግሏል፤ ከጦርነቱ በኋላ በ500 ሲሲ ኩፐር ራሱ ይወዳደር ነበር። በኋላ መሪውን ለሌሎች ትቶ በ1960 ቡድን ማስተዳደር ያዘ። የሚሠራውም ሱሪ ውስጥ ኦክም በምትባል መንደር፣ በጣውላ ግቢው ውስጥ ነው። ሰው የሚለይ ዓይን ነበረው። የሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጆን ሰርቲስ የመጀመሪያውን የመኪና ውድድሩን ያደረገው በኬን ኩፐር ነው። በ1964 ደግሞ አንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት ጉድውድ ላይ ለሙከራ ጠራ። በዚያው የፎርሙላ 3 መኪና ብሩስ ማክላረን አስቀድሞ ሰዓት አስመዝግቦ ነበር፤ ማክላረን ያኔ ስሙ የገነነ የፎርሙላ 1 ሹፌር ነው። ወጣቱ ሰዓቱን አሻሻለው። ጃኪ ስቱዋርት ነበር።

መላሹ ከዚህ በኋላ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ኪት ዳክዎርዝ የነደፈውን ኮስዎርዝ ዲኤፍቪን ለማሠራት ፎርድ 100 ሺህ ፓውንድ አወጣ። በ1967 ዛንድቮርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ጂም ክላርክ በሎተስ አሸነፈበት። በ1968 ፎርድ ለሌሎችም እንዲሸጥ ፈቀደ፤ የአንዱ ዋጋ 7,500 ፓውንድ ነበር። ቲረል ሞተሩን ከኮስዎርዝ ገዛ፣ ሻንሲውን (ሞተሩ የሚገጠምበትን የመኪናውን አካል) ከፈረንሳዩ ማትራ አገኘ፣ ጎማውን ከደንሎፕ፤ የኤልፍ ነዳጅ ኩባንያም ከጀርባው ቆመ። በዚያው ዓመት በኑርበርግሪንግ ጭጋግና ዝናብ ስቱዋርት አንጓው እንደተጎዳ ነድቶ ተከታዩን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በ1969 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ጠያቂው በኋላ ላይ ተመልሶ መላሹን ጋሼ ብሎ አመስግኖታል።

ምላሽ 4

ይኸኛው የቀደመውን ታሪክ ካቆመበት ቀጠለ። ከ1969 ድል በኋላ ማትራ የራሱ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር እንዲገጠም ፈለገ። ኩባንያው ክራይስለር ከያዘው ሲምካ ጋር ስለተሳሰረ በፎርድ ስም የሚሮጥ ሞተር ተሸክሞ መቀጠል አልቻለም። ኬን ከሻንሲውና ከሞተሩ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ሞተሩን መረጠ። ለ1970 ከማርች የተገዛ 701 መኪና ይዞ ቀረበ፣ ስቱዋርትም በእሱ ስፔን ላይ አሸነፈ። ማርች ግን የሚያዛልቅ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ዴሪክ ጋርድነር የተባለ ኢንጂነር በራሱ ቤት ሆኖ ማንም ሳያውቅ አዲስ መኪና እየነደፈ ነበር። ቲረል 001 በኦገስት 1970 ኦልተን ፓርክ ላይ ታየ፣ ካናዳ ላይ ከሁሉም ቀድሞ የመጀመሪያውን የመነሻ ቦታ ያዘ። በ1971 ከ11 ውድድር 7ቱን አሸነፉ፤ ስቱዋርት የአሽከርካሪዎቹን፣ ቲረል የአምራቾቹን ሻምፒዮና ወሰዱ።

መላሹ ይህን ሁሉ ጽፎ አስተያየት አልሰጠም። እኔ ልጨምርበት፤ ሻንሲ የሚሠራ ፋብሪካ ያልነበረው ሰው ባንድ ዓመት ውስጥ ከደንበኛነት ወጥቶ የዓለም ሻምፒዮን አምራች መሆኑ በስፖርቱ ታሪክ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነው። ከሻንሲው ይልቅ ሞተሩን መምረጡ ደግሞ ኋላ ላይ የምመለስበት ጉዳይ ነው።

ምላሽ 5

ክሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መላሹ በከፋቹ ላይ በቀጥታ መጣ፤ የሚያለቅስለት ቡድን ንጹሕ አልነበረም ባይ ነው። አሠራሩንም አስረዳ። በ1984 የመኪና ዝቅተኛ ክብደት 540 ኪሎ ነበር። ተርቦ የሌለው መኪና ከዚያ በታች ቀልሎ መሠራት ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና አብዛኛውን ውድድር ቀለል ብሎ ይሮጣል፤ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ቆሞ የውሃ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፤ ከውሃው ጋር እርሳስ ከገባ ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ ሞልቷል። ሕጉ ደግሞ ለክብደት የሚጨመር ነገር ከመኪናው ጋር በመሣሪያ ካልሆነ በማይፈታ መንገድ እንዲታሰር ያዛል። እርሳሱ በውሃ ውስጥ ሲንከባለል ከነበረ ነገሩ አልቋል፤ ፖለቲካውን ማምጣት ጥፋትን መሸፈኛ ነው አለ።

ምላሽ 6

ከፋቹ ተቆጥቶ ተመለሰ። እርሳሱን አልካደም፤ የካደው የቅጣቱን ልክ ነው። በ1982 ብራዚል ላይ ኔልሰን ፒኬና ኬኬ ሮዝበርግ ለፍሬን ማቀዝቀዣ ነው በተባለ የውሃ ዘዴ ክብደት ሲያሟሉ ተይዘው ከዚያ አንድ ውድድር ብቻ ተሰረዙ፤ ብራባምና ዊልያምስ ዓመታቸውን ቀጠሉ። ቲረል ግን የዓመቱን ውጤት በሙሉ አጣ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ውድድሮችም እንዳይሳተፍ ተከለከለ። ክሱም ባለበት አልረጋም፤ መጀመሪያ ውሃው ነዳጅ ነክ ነገር አለበት ተብሎ፣ ይግባኙ ላይ ሲደረስ የክሱ ትኩረት ወደ እርሳሱና በመኪናው ወለል ላይ ወዳሉት ቀዳዳዎች ዞረ።

እኔ ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው እላለሁ። የታሰረ ክብደት ካልሆነ ጥፋት ነው። ቅጣቱ ግን ለጥፋቱ የተለካ አልነበረም፤ የ1982ቱ ንጽጽር ይህን በደንብ ያሳያል፣ ምላሽ 5 ላይ የጻፈውም እስከ መጨረሻው አልመለሰለትም።

ምላሽ 7

አጭር እርማት ነው። በ1984 ከቲረል በስተቀር ሁሉም ተርቦ ነበረው የሚለው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ አሮውስ ዓመቱን የጀመረው በኮስዎርዝ ነው፣ የቢኤምደብሊው ተርቦ ያገኘው በኋላ ነው። ስፒሪትም ዲትሮይት ላይ ኮስዎርዝ ገጥሞ ነበር። ከፋቹ እርማቱን ተቀበለ፤ ዓመቱን ሙሉ በተፈጥሮ አየር (ያለ ተርቦ) በሚሠራ ሞተር የተጓዘው ቲረል ብቻ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

ምላሽ 8

ይህ ምላሽ ክርክሩን አሥር ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው። ጸሐፊው ቲረል የወደቀው ኦክቶበር 6 ቀን 1973 አሜሪካ ውስጥ ዋትኪንስ ግሌን ላይ ነው ይላል። ስቱዋርት በዓመቱ መጨረሻ ሊያቆም በምሥጢር ወስኖ ነበር፤ ያ ውድድር 100ኛው ይሆን ነበር። ቦታውን የሚረከበው ፍራንሷ ሴቬር ነው፤ በ1971 በዚያው ሜዳ ብቸኛ ድሉን ያገኘ፣ ከስቱዋርት ሥር ሥር እየሄደ ሙያውን የተማረ ሰው። በኦገስት ኑርበርግሪንግ ላይ ሁለቱ ተከታትለው አንደኛና ሁለተኛ ሲገቡ ስቱዋርት ሴቬር ቢፈልግ ሊያልፈው ይችል እንደነበር መስክሮለታል። ቅዳሜ ዕለት በማጣሪያው ሴቬር ከብረት አጥር ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ 29 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ ሦስቱንም መኪናዎቹን ከውድድር አወጣ፤ ስቱዋርት ሳይሮጥ ቀረ፣ የአምራቾቹ ሻምፒዮናም ወደ ሎተስ ሄደ። ጸሐፊው በአንድ ቅዳሜ ቡድኑ ሻምፒዮኑንም ወራሹንም አጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማዝገም ነው ይላል።

ምላሽ 9

ለምላሽ 8 በትሕትና የተሰጠ ተቃውሞ ነው። ሐዘኑን ይጋራል፤ ድምዳሜውን አይቀበልም። በ1974 ጆዲ ሼክተርና ፓትሪክ ዴፓዬ አዲስ ሆነው ገብተው ሼክተር በዚያው ዓመት ስዊድንና እንግሊዝ ላይ አሸነፈ፤ በ1975 ደግሞ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ላይ። ማዝገም የሚባል ከሆነ ብዙ ቡድን እንዲህ ማዝገምን ይመኛል ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 10 እስከ 15

ሼክተር ስሙ ሲነሳ ክሩ ወደ ባለ ስድስት ጎማው መኪና ተንሸራቶ ስድስት ምላሽ ያህል እዚያው ቀረ። በዚህ አልቆጣም፤ ስለ ቲረል ተወርቶ ፒ34 ሳይነሳ አያልቅም። አንዱ ፎቶውን ሲያይ ቀልድ መስሎት እንደነበር ጻፈ። ሌላው ሐሳቡን በደንብ አብራራለት። በወቅቱ የፊት ክንፍ ስፋት በ1.5 ሜትር ተወስኖ ነበር፤ የተለመደው የፊት ጎማ ከክንፉ በላይ ስለሚወጣ ነፋስ ይመታዋል። ጋርድነር 10 ኢንች ጎማ አድርጎ ከክንፉ ጀርባ ደበቃቸው። ትንሽ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ስለሚያንስ አራት አደረጋቸው፤ ፍሬኑም አብሮ በዛ። በጁን 1976 ስዊድን አንደርስቶርፕ ላይ ሼክተር አንደኛ፣ ዴፓዬ ሁለተኛ ወጡ። ዓመቱን ቡድኑ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ምላሽ 13 ላይ የመጣው ሰው ታዲያ ለምን ከሸፈ ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ ለክሩ ዋና ጉዳይ ከሚመስለው በላይ ይቀርባል። ጉድይር ያን 10 ኢንች ጎማ የሚሠራው ለአንድ ቡድን ብቻ ነበር። የሌላው ጎማ በየውድድሩ ሲሻሻል የፊቱ ትንሽ ጎማ ባለበት ቆመ፤ የ1977ቱ መኪና ደግሞ ከበደ። የኋላ ጎማዎቹም እንደ ድሮው ትልቅ ስለነበሩ የነፋሱ ጥቅም የታሰበውን ያህል አልሆነም። ሼክተር በ1976 መጨረሻ ለቆ ዎልፍ ወደሚባል አዲስ ቡድን ሄደ፣ በመጀመሪያው ውድድራቸው አርጀንቲና ላይ አሸነፈ። ጋርድነርም በ1977 ተለየ። ምላሽ 15 በ1983 ሕጉ ከአራት ጎማ በላይ መከልከሉን አስታውሶ ወሬውን ዘጋው።

ምላሽ 16

ይህ የእኔ ነው። ሁሉም አንድ ቀን ፈልገው ያ ቀን ነው የጣለው ይላሉ፤ እኔ ቀን አልፈልግም። ቲረልን ያነሣው ሞተር በገንዘብ የሚገዛበት ዘመን ነው፤ የጣለውም የዚያ ዘመን ማለፍ ነው። በ1968 አንድ የጣውላ ነጋዴ ሎተስ የሚሮጥበትን ያንኑ ሞተር በ7,500 ፓውንድ ገዝቶ ከሎተስ ጋር እኩል መሰለፍ ቻለ። ቀሪው የሰው ጉዳይ ነው፤ በሰው ምርጫ ደግሞ ኬንን የሚያህል አልነበረም። በ1977 ሬኖ ተርቦ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ቢኤምደብሊው፣ ታግ በተባለ ኩባንያ ገንዘብ ፖርሽ፣ ሆንዳ ተከተሉ። እነዚህ ሞተሮች በመደርደሪያ ላይ አልነበሩም፤ ፋብሪካው ለመረጠው ቡድን ነበር የሚሰጣቸው። ያልተመረጠ ያረጀውን ይዞ ይቀራል።

ለዚህ ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚመሰክርልኝ ዲትሮይት 1983 ነው። ሚኬሌ አልቦሬቶ በቲረል አሸነፈ። የዲኤፍቪ ቤተሰብ 155ኛና የመጨረሻ ድል፣ የቲረልም የመጨረሻ ድል ያው አንድ ውድድር ሆነ። ሞተሩና ቡድኑ በአንድ ቀን ማሸነፍ አቆሙ። ይህ የሆነው ደግሞ ከእርሳሱ ጉዳይ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። በ1984 የሆነው በደል ነው፤ ግን የተበደለው ቀድሞ መሸነፍ የጀመረ ቡድን ነበር።

ምላሽ 17

ወዲያው ጠንከር ያለ መልስ ደረሰኝ። መላሹ ነገሩን በሞተር ብቻ ማየት የሚመች ታሪክ ነው አለ። ገንዘቡን ረሳህ ነው ክሱ፤ ኤልፍ ከ1978 በኋላ ፊቱን ወደ አገሩ ሬኖ አዞረ፣ ቲረል 1979ን ዋና ስፖንሰር ሳይኖረው ጀመረ፣ ካንዲ የተባለው ስፖንሰር የገባው ዘግይቶ ነው። ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ከዓመት ዓመት በሚለዋወጥ ስፖንሰር ሲኖር፣ ሌላው ከሲጋራ ኩባንያ ጋር ረጅም ውል ያስር ነበር። ደግሞስ በ1991 ሆንዳ ሲያገኙ ምን አደረጉበት ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 18

የገንዘቡን ተቀበልኩ፤ ሁለቱ ተነጣጥለው አያውቁም፣ ኤልፍም የሄደው ሞተር ያለው ፋብሪካ ስለጠራው ነው። ስለ ሆንዳ የመለስኩት ይህን ነው። በ1991 ቲረል ያገኘው ማክላረን በ1990 የተጠቀመበትን ባለ 10 ሲሊንደር ነው፤ ማክላረን አዲሱን ባለ 12 ገጥሞ ነበር። ሞተሩ ከቀድሞው ኮስዎርዝ ስለሚከብድ ለቀላል ሞተር የታሰበው መኪና ሚዛኑ ተናጋ። ስቴፋኖ ሞዴና ካናዳ ላይ ሁለተኛ ከመሆኑ በቀር የረባ አልተገኘም፤ ሆንዳም በዓመቱ ሄደ። የተሰጠ ነገር የሚወሰደው በሰጪው ቀን ነው።

ምላሽ 19 እና 20

እዚህ ላይ አንድ የአሌዚ ወዳጅ መጣ፣ ክሩም ሕይወት ዘራ። ከ1983 በኋላ ቡድኑ እንደ ሞተ አድርገን በማውራታችን ተናዷል፤ እውነቱን ነው። ዣን አሌዚ በ1989 የመጀመሪያ ውድድሩ ፈረንሳይ ላይ አራተኛ ወጣ። በ1990 መጀመሪያ ፊኒክስ ላይ ውድድሩን 34 ዙር መራ፤ ሴና ሲያልፈው በሚቀጥለው ኩርባ መልሶ አለፈው፤ በመጨረሻ ሁለተኛ ሆነ። ሞናኮ ላይም ሁለተኛ። ሁሉም ተራ በሆነ የኮስዎርዝ ሞተር። በዚያው ዓመት ሃርቪ ፖስልትዌይትና ዣን ክሎድ ሚጆ የሠሩት 019 የተባለው መኪና አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ብቅ አለ፤ አየር ከመኪናው ሆድ ሥር በብዛት እንዲገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሜዳው ሁሉ ቀዳው። ምላሽ 20 ደግሞ በ1987 ተርቦ ለሌላቸው የተዘጋጁትን ሁለት ዋንጫዎች፣ የጂም ክላርክንና የኮሊን ቻፕማንን፣ ዮናታን ፓልመርና ቲረል መውሰዳቸውን አከለ።

ምላሽ 21

በክሩ ውስጥ አነጋገሩ የከረረው ይህ ነው። ለተሸናፊዎች በተዘጋጀ ዋንጫ መመካት አያምርም ብሎ ምላሽ 20ን አጣጣለ፤ ቀጥሎም የአሌዚን ወዳጅ ያዘው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አሌዚ ወደ ፌራሪ ሄደ፣ ፖስልትዌይት ሄደ፣ ሐሳቡን ሌላው ወስዶ አሸነፈበት፤ ቲረል ለሀብታሞች ሰው አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ አለ። አነጋገሩ ጥሩ አልነበረም፣ አወያዩም ገሠጸው። የተናገረው ግን ሐሰት አልነበረበትም። ያን አፍንጫ የሠራ ቡድን በ1993 አንድ ነጥብ ሳያገኝ ጨረሰ።

ምላሽ 22

አንዱ የጆርዳንን ቡድን፣ ሌላ መስመር ላይ ሚናርዲን፣ በመጨረሻም ቤተሰቡ በ2020 የሸጠውን ዊልያምስን አንስቶ የግል ቡድን ዘመን በሞላው አልፏል አለ። ርዕሱ ለብቻው ክር ይገባዋል፤ እዚህ ላይ አልገፋበትም።

ምላሽ 23

አንድ አባል በኩራት ሜርሴዲስ ማለት ቲረል ነው ብሎ መጣ። የዘር ሐረጉን ቆጠረ፤ ቲረል በ1997 መጨረሻ ለብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ተሸጠ፣ በ1999 ባር የተባለ ቡድን ሆነ፣ በ2006 ሆንዳ፣ በ2009 ብራውን ሆኖ ሻምፒዮን፣ በ2010 ሜርሴዲስ፤ ከ2014 እስከ 2021 ስምንት ተከታታይ የአምራቾች ሻምፒዮና።

ምላሽ 24

ምላሽ 3ን የጻፈው ሰው ነው የመለሰለት፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ጠንከር ብሏል። ባር የገዛው የመወዳደሪያ ቦታውን ነው። ፋብሪካው ብራክሊ ላይ አዲስ ተሠራ፣ መኪናውን ሬናርድ የተባለ አምራች ሠራው፤ ኦክም አብሮ አልሄደም። ኬን ቲረል ራሱ የ1998 ውድድር ሳይጀመር ለቆ ወጣ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች በዮስ ቨርስታፐን ቦታ ሪካርዶ ሮሴትን ሲመርጡ አልተስማማም። ዕድሜውን በሙሉ ሰው በመምረጥ የኖረ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ መውጣቱ መላሹን አያስገርመውም፤ እኔንም። ከዚያ የነበረውን አንድ ዓመትም ጨመረ። በ1997 የገንዘብ ክፍፍሉን የሚወስነውን የኮንኮርድ ስምምነት ከማክላረንና ከዊልያምስ ጋር ሆኖ አልፈርምም ያለው ቲረል ነው፤ ከሦስቱ ገንዘቡ እጅግ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ። በዚያው ዓመት ሞናኮ ላይ ሚካ ሳሎ በዝናብ አንዴም ነዳጅ ሳይሞላ ጨርሶ አምስተኛ ወጣ፤ የቡድኑ የመጨረሻ ነጥቦች እነዚያ ሁለቱ ናቸው። በ1998 ሱዙካ ላይ ሮሴት ማጣሪያውን አላለፈም፣ ቶራኖሱኬ ታካጊ ከአንድ ሚናርዲ ጋር ተጋጭቶ ወጣ።

ምላሽ 25 እና 26

በመጨረሻ የድል ቁጥር ተነሳ። አንዱ 23 አለ፣ ሌላው 33። ሁለቱም የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ሂሳቡን ጻፍኩላቸው። ቲረል በራሱ መኪና 23 ጊዜ አሸንፏል፤ ስቱዋርት 15፣ ሼክተር 4፣ አልቦሬቶ 2፣ ሴቬርና ዴፓዬ አንድ አንድ፤ የዴፓዬው በ1978 ሞናኮ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በማትራ ሻንሲ 9፣ በማርች 1 አሉ። የአምራቾች መዝገብ እነዚህን አሥሩን ለማትራና ለማርች ይሰጣል። እኔ የምቆጥረው 33 ነው። ሞተሩን የገዛው፣ ሹፌሩን የመረጠው፣ መካኒኮቹን የያዘው ያው አንድ ቡድን ነበር፤ ስቱዋርትም ከ27 ድሉ 25ቱን ያገኘው በእሱ ሥር ሆኖ ነው። ከፋቹ በዚህ ተስማማ፤ የ1984ን ግን እስካሁን አልለቀቀም።